በቁሙ የተለቀሰለት አጥቂ

ሰሞኑን ጉልበቴ ተነሥቶብኛል። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ቅባት ምንም አልፈየደልኝም፤ ልጄ ታዲያ ከገበያ በጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት ገዝታ መጣችና ለብ አድርጋ፣ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስባ ማሸት ጀመረች። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው «በቃ፣ ተይው» አልኳት። «አሳመምኩህ እንዴ አባባ?» ብላ ደነገጠች። አላሳመመችኝም። ሽታው ግን ይዞኝ ሄደ። አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ፣ ገዳሪፍ፣ ከሐጂ ባቢክር ዘይት መጭመቂያ ጀርባ ካለው የጆንያ መጋዘን ወስዶ አስቀመጠኝ። ከጨዋታ በፊት እዚያ ተደርድረን ቁጭ ብለን አንዳችን የሌላችንን እግር በሰሊጥ ዘይት እናሽ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ በቴሌቪዥን የሚያያቸው ተጫዋቾች ከነሐኪማቸውና ከነወጌሻቸው ነው የሚዞሩት። የእኛ ወጌሻ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ይስቅብኛል። አያቱ በእግር ኳስ ደመወዝ የበላ ሰው ነው ብል የሚያምነኝ ከየት መጥቶ!

ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ብትጠይቁኝም አልናገርም። ጎንደር ላይ ልጅ ውሎ ቤቱ ሲገባ ስለት የሚገባበት ጊዜ ነበር ብል የሚያውቀው ያውቀዋል። እኔም ከሚሸሹት ጋራ ሸሽቼ በመተማ በኩል ወጣሁና ገላባት ገባሁ፤ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ገዳሪፍ። ገዳሪፍ ያኔ ሰሊጥና ማሽላ እንጂ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሻይ በሦስት ግርሽ፣ አንድ ሳህን ፉል ከነዳቦው በአሥር ግርሽ፤ ግርሽ የእነሱ ሳንቲም ነው። ከባቡር ጣቢያው ማዶ አንድ የወሎ እስላም የካሴት ሱቅ ነበረው። ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን ሲያንቆረቁር ይውልና ዓርብ ወደ ማታ አንድ የአማርኛ ካሴት ይከታል። ይህን ጊዜ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሐበሻ ሁሉ፣ ተሸካሚው ከነሸክሙ፣ ባለ ጋሪው ከነጋሪው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤልቦተም ሱሪ ለብሰን፣ አፍሯችንን አበጥረን፣ ከነረሃባችን እንዘንጥ ነበር። ያ ጥቁር አፈር የሱሪያችንን ጫፍ ሲበላው አንዱ ወደ ላይ አጥፎ ይሰፋዋል፤ ሌላው እንደተበላ ይለብሰዋል። እኔ እንደተበላ ከሚለብሱት ነበርኩ።

ቀን ቀን እህል ገበያው ውስጥ ጆንያ እንሸከማለን። ዓርብ ሥራ የለም፤ ከመጋዘኑ ጀርባ በጨርቅ ኳስ እንራገጣለን። ሐጂ ባቢክር ያየን እዚያ ነው። ሐጂ የጭነት መኪኖችና የዘይት መጭመቂያ ያለው፣ ነጭ ጀላቢያው ሆዱ ላይ የሚወጠርበት፣ ሲቆጣ የሚጮኽ፣ ሲስቅ ደግሞ ከቁጣው የባሰ የሚጮኽ ሰው ነበር። በዚያ ከተማ ነጋዴዎቹ እያንዳንዳቸው የኳስ ቡድን ነበራቸው፤ ሰሊጡ ታጭዶ ከተሸጠ በኋላ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ያጋጥሟቸዋል። ሐጂ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸንፎ ጓደኞቹ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ያሾፉበት ነበር አሉ። ቆሞ ቆሞ አየንና «እናንተ ሐበሾች፣ ምሳ ሳትበሉ እንዲህ የምትሮጡ ብትበሉ ምን ልትሆኑ ነው?» አለ። ሰባታችንን መረጠ። የሳምንት ደመወዝ፣ አንድ ጫማ፣ የቀን ምሳ፣ በመጋዘኑ ውስጥ መኝታ። አባቴ ነፍሱን ይማርና ኳስ ስጫወት ባገኘኝ ቁጥር በአለንጋ ይሸነትረኝ ነበር። ያን ዕለት ቢያየኝ ምን ይል ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ በረኛ ነኝ፤ እጄ ሰፊ ነው፣ እግሬ ለሩጫ አይሆንም።

አጥቂያችን ምስጋናው ይባላል። ጎንደር አንድ ሠፈር ባናድግም በዓይን እንተዋወቅ ነበር፤ ገዳሪፍ ላይ ግን አንድ ጆንያ አንጥፈን አንድ ጋቢ ለብሰን የምናድር ወንድማማቾች ሆንን። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው። ኳስ ሲይዝ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ሜዳው ዋልካ መሬት ነው፤ በጋ ሲገባ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስንጥቁን በሰሊጥ ገለባ እየሞላን፣ ውሃ እየረጨን እንረግጠው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ስንቱ እግሩን ሰብሯል። ምስጋናው ግን ስንጥቁን ሳያየው ያውቀዋል። ሱዳኖቹ «ገዛል» አሉት፤ ሚዳቋ ማለታቸው ነው። ጎል ካገባ በኋላ እንደ ሌላው አይጨፍርም፣ እጁን አያነሣም። አንገቱን ደፍቶ ወደ መሐል ይመለሳል። «ማሻአላህ፣ ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላሉ። ጨዋነት አልነበረም። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምስጋናው ጎንደር ላይ ሞቷል። እውነቴን ነው፣ ተለቅሶለታል። እሱ በጠፋ ጊዜ ቀበሌዎቹ ታናሽ ወንድሙን ዘመነን «ወንድምህን አምጣ» ብለው አሰሩት፤ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ነው። አጎታቸው ብልህ ሰው ነበር። ቆላ ወርዶ፣ ምስጋናው ሲሸሽ የለበሰውን ሸሚዝ ከእጁ ተቀብሎ፣ «ልጁ በወባ ሞቶ በረሃ ቀበርኩት» ብሎ ይዞ ተመለሰ። ሸሚዙ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሙሾ ወጣ፣ አርባው ወጣ። ቀበሌዎቹም ለቅሶው ላይ መጥተው አይተው ስሙን ሰረዙና ዘመነን ለቀቁት። ታዲያ አጎትየው ለእናታቸው ለእትዬ ተዋበች አልነገራትም። የውሸት ለቅሶ ሴቶቹ ወዲያው ያውቁታል፣ ቀበሌውም ከነሱ አፍ ይሰማል ብሎ ነው። እናትየው የምሯን ፊቷን ነጭታ፣ የምሯን ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። አንዱ ልጇ በዚያ እንባ ነው የተረፈው። ሌላው ደግሞ ገዳሪፍ ጆንያ ላይ ተኝቶ እናቱ በቁሙ እያለቀሰችለት መሆኑን እያወቀ እንቅልፍ አልወስደው ይላል። «ዛሬም ለብሳው ይሆናል» ይለኛል፣ ጥቁሩን ማለቱ ነው። አንጀቴን ይበላው ነበር።

በጨዋታው ወቅት መጀመሪያ የባቡር ጣቢያ ሠፈርን ቡድን አራት ለዜሮ ስናሸንፍ ሐጂ በደስታ አብዶ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። ባለ ሦስት እግሩን ሣጥን ተክሎ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ «አትተንፍሱ» እያለ አነሣን። እኔ መሐል ነኝ፤ ሐጂ ከካርቱም ያስመጣልኝን ጓንት እንዲታይ ደረቴ ላይ አጣጥፌ እንደ ሹም ቆሜአለሁ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ተሰጠን። ምስጋናው የራሱን አየት አደረገና ለእኔ ሰጠኝ፤ «ያዘው፣ የሞተ ሰው ፎቶ ምን ያደርግልኛል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ሐሳቤን ያነበበ ይመስል፣ «ይርጋ፣ ለእናቴ የላክህባት እንደሆነ እኔና አንተ አንተዋወቅም» አለኝ። «በል እንግዲህ፣ እብድ መሰልኩህ?» አልኩት።

አይ እኔ! አያ ጥጋቡ የሚባል የበለሳ ሰው ነበር፤ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሮ ይመጣና ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። የስንቱን ስደተኛ ደብዳቤ በጋቢው ጥለት ውስጥ ሰፍቶ አድርሷል። ሊመለስ ስንቁን ሲያስር አገኘሁትና ፎቶውን ሰጠሁት። «ለማን ነው?» አለ። «ለእትዬ ተዋበች፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ። ለብቻዋ ስጣት፤ ለሌላ ሰው እንዳታሳይ ንገራት» አልኩት። «ልጁ ያውቃል?» አለኝ። «ያውቃል» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ለምን አደረግኩት? እናት ለሕያው ልጅ ስታለቅስ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው፤ እኔ ራሴ እናቴን ያጣሁት ሳላውቃት ነው። ሽማግሌ ሆኜ አልዋሽም፣ ሌላም ነገር ነበረበት። ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው እኔንም በዚያ ጓንት እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። የሚያየኝ ዘመድ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር ብል ይፈረድብኛል፤ ግን ነበር። ማሸነፍ ለመድን። ጾሙ ገባ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንቀምስ ቆይተን በዚያ ሐሩር እንጫወታለን፤ ሐጂ ራሱን ይዞ «እኛም እንጾማለን፣ የእናንተ ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል። ፉላችንን በቅቤ ፋንታ በሰሊጥ ዘይት እንበላለን። እግራችንም ሆዳችንም ሰሊጥ ሆነ። ስንሄድ ባለ ሱቆቹ ይጠሩናል፣ «ገዛል! ገዛል!» እያሉ ለምስጋናው ሐብሐብ ይሰጡታል። አምስት ቡድን ጥለን ለመጨረሻው ጨዋታ ደረስን፤ ከከሰላ ከሚመጣው ቡድን ጋራ፣ ዓርብ ከሆሳዕና በፊት።

ሐሙስ ከሰዓት ሜዳው ላይ ሆነን ስንጥቁን በገለባ እንሞላለን። ከጎሉ ጀርባ አያ ጥጋቡ ቆሞ አየሁት። ከመኸር ውጭ መጥቶ አያውቅም። ገለባውን እንደታቀፍኩ ሄድኩ። ከንፈሩ በጥማት ተሰነጣጥቋል። «ፎቶውን ሰጥቻት ነበር» አለ።

«እሺ?»

«እጄ ላይ ሳመችው። ሌላ ምንም አላደረገችም፣ ለማንም አላሳየችም። በማግሥቱ ግን ጥቁሩን አወለቀች።»

«ለምን?»

«በሕይወት ላለ ልጅ ጥቁር መልበስ ሟርት ነው ብላ ነዋ! አጎትየው እግሯ ላይ ወድቆ ለምኗት ነበር፤ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ እንኳ ልበሺው ብሎ። ‹በገዛ እጄ ልጄ ላይ ላሟርት?› አለች። ቀሚሱን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ነጭ ለብሳ ቤተክርስቲያን ሄደች።»

ቀሪውን ሳይነግረኝ ገባኝ። ሠፈርተኛው አየ። ቀበሌዎቹ ሰሙ፤ ቤቱን ፈትሸው ፎቶውን ከትራሷ ሥር አገኙት። ዘመነን ወሰዱት። ለእናትየው «እስከ ፋሲካ ትልቁን አምጪ፤ ካልመጣ ትንሹን እርሺው» አሏት። አያ ጥጋቡ ይህን ለማድረስ ነው ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠው። «አንተው ንገረው። ‹ያውቃል› ብለኸኝ ነበር፤ አያውቅም አይደል?» አለኝ። «አንተው ንገረው» ብሎ ደገመልኝና ዞሮ ሄደ፤ ውሃ እንኳ አልጠየቀኝም።

እስከ ፋሲካ አሥር ቀን ነበር። እስከ ገላባት በመኪና አንድ ቀን፣ ከዚያ ኬላውን እየሸሹ በእግር ሰባት ቀን። ሐሙስ ቢነሣ ይደርሳል፣ ዓርብ ቢነሣ ይደርሳል፣ ቅዳሜም ቢነሣ ቅዳሜ ሹር ጎንደር ይገባል። ከቅዳሜ በኋላ ግን የለም። ብነግረው እንደሚሄድ እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን አያድርም። ከሄደ ደግሞ ይገድሉታል። ካልነገርኩት ልጁን ይገድሉታል። ወይም ሁለቱንም። ወይም ማንንም። እኔ ምኑን አውቄ! አንድ የጎንደር ወፍጮ ቤት ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ኳስ መያዝ ነው። ገለባውን ይዤ ተመለስኩና ስንጥቁን መሙላት ቀጠልኩ። «ምን አለህ አያ ጥጋቡ?» አለኝ ምስጋናው። «ቡና ሊሸጥ መጥቶ ነው» አልኩት። ከጨዋታው በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ ለራሴ። ቢያንስ ይጫወት።

ዓርብ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጣሪያ ላይ፣ መኪና ላይ፣ ዛፍ ላይ ሰው ነው። ከሰላዎች ግመል የመሰሉ ረጃጅሞች ናቸው። ገና ከመጀመሩ አንዲት ኳስ በቀስታ ተንከባላ መጣችና በእግሮቼ መሐል ገባች። እያየኋት ነው የገባችው። ሐጂ ከዳር ሆኖ እናቴንም አባቴንም በአረብኛ ሰደበልኝ። ምስጋናው ግን ወደ እኔ ሮጦ መጣና ራሴን ዳበስ አድርጎ «አይዞህ ወንድምዓለም፣ እኔ አለሁ» አለኝ። እኔ አለሁ! ከዚያ ሁለት አገባ። ሁለተኛዋን ሲያገባ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገብቶ ትከሻው ላይ አወጣው። እዚያ ላይ ሆኖ ሲስቅ አየሁት። ጥርሱን እስከዚያን ቀን አላውቀውም፤ አንዱ ትንሽ ሸረፍ ያለ ነው። ሐጂ በግ አረደ፤ ሱዳኖቹ ሲበሉ እኛ ሰባቱ ጾመኞች ፉላችንን ይዘን ዳር ተቀመጥን። ምስጋናው ትከሻውን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «ይርጋ፣ ዛሬ የሞትኩ አልመሰለኝም» አለኝ። ቀጥሎም «ክረምቱ ይለፍና ዘመነን አስመጣዋለሁ። የሱን ግራ እግር ብታየው የእኔን ኳስ ኳስ አትለውም» አለ። አፌን ከፈትኩ፤ ፉል ጎረስኩበት።

ቅዳሜ ጧት ወደ ገላባት የሚሄደው መኪና ከእህል ገበያው በር ላይ ይጭን ነበር። ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ቆሜ አየሁት። ረዳቱ «ገላባት! ገላባት!» እያለ ይጮኻል። ምስጋናው መጋዘኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሻዬን ጨርሼ ሌላ አዘዝኩ። ሁለተኛውም አለቀ፤ ሦስተኛ አዘዝኩ። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ለሱ ነፍስ ብቻ ብዬ አይደለም። ከነገርኩት ፎቶውን ማን እንደላከው ይጠይቀኛል። ዓይኑን ማየት ፈራሁ። መኪናው ሞተሩን አስነሣ፣ ረዳቱ ዘሎ ተንጠለጠለ፣ አቧራውን ጥሎብን ሄደ። ሦስተኛውን ሻይ አልጠጣሁትም።

ሰሙነ ሕማማት እኛ ከአንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ገባን፤ ስደተኛው ሁሉ በአንድነት ይሰግዳል። ምስጋናው ከጎኔ ነበር። ግንባሩን መሬት ባስነካ ቁጥር የእናቱንና የወንድሙን ስም ሲጠራ እሰማዋለሁ፤ ተዋበች፣ ዘመነ፣ ተዋበች፣ ዘመነ። ዓርብ ስቅለት እኔ ከሱ ብዙ ሰገድኩ፤ ጉልበቴ የዚያን ጊዜ ነው የተጎዳው ብል ልጄ አታምነኝም። ፋሲካ ሆነ፣ ሰው «እንኳን አደረሰህ» ተባባለ፣ እሱም ስሞኝ አስገደፈኝ።

ማግሥቱን፣ ሰኞ፣ ነገርኩት። ሁሉንም፤ ፎቶውን፣ ጥቁሩን፣ ሐሙሱን፣ መኪናውን። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ እንዲመታኝም ፈልጌ ነበር። አልነካኝም። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ዓርብ ስስቅ እያየኸኝ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

በዚያው ቀን በከሰላ መኪና ሄደ። ሐጂ «ገዛልን ምን አደረግኸው?» እያለ እኔ ላይ ሲጮኽ ከረመ። በኋላ ወደብ ላይ ታየ አሉ፤ ቀጥሎ ባሕሩን ተሻገረ አሉ። ዝናቡ ገባ፣ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ቡድኑም ተበተነ። እኔ ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ።

የዘመነን ነገር የነገረኝ ያው አያ ጥጋቡ ነው፣ በሚቀጥለው መኸር። ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ከእስር ቤት አውጥተው ወስደውታል። መቀበሪያው አልታወቀም። ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል። ላልሞተው ልጇ አገር አልቅሶላት ለሞተው አንድ ሙሾ አልተፈቀደላትም። ያን ያጠበችውን ጥቁር አውጥታ ብትለብሰው «ለማን ነው?» ብለው አስወለቋት አለኝ። ነጭ ለብሳ ነው ያዘነችው።

ጊዜው ተለውጦ አገሬ ስገባ ጠጉሬ ሸብቶ ነበር። ብዙ ወር እግሬ አልሄድልህ አለኝ፤ አንድ ቀን ግን ቀሃን ተሻግሬ ጠይቄ ቤቷ ደረስኩ። እትዬ ተዋበች አጥሯ ሥር ፀሐይ እየሞቀች ነበር፤ ትንሽ ሴት ናት፣ ምስጋናውን ቁርጥ። ገና ሳታስገባኝ ትክ ብላ አየችኝና «አንተ መሐል ላይ እጅህን ያጣጠፍከው ነህ» አለችኝ። ፎቶውን ከወሰዱባት ዘመን ሆኖታል፤ የያንዳንዳችንን ፊት ግን ይዛዋለች። ሳመችኝ። ጠላ ቀዳችልኝ። ምስጋናው በሕይወት እንዳለ፣ ከሩቅ አገር ገንዘብ እንደሚልክላት፣ ደብዳቤ ግን እንደማይጽፍ ነገረችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንደው ልጠይቅህ፤ ልጄ ለምን አይመጣም? ጥቁሩን ስላወለቅኩ ቂም ይዞብኝ ነው? ወንድሜን አስበላችው ብሎ ነው?» አለች።

ስንት ዓመት እንዲህ ስትል ኖራለች! «አይደለም እናቴ። ቂሙ በእኔ ነው» አልኳት፤ ነገርኳትም። ለሱ እንደነገርኩት ሁሉንም ነገርኳት። ጣቶቿን ዘርግታ ቀኖቹን ስታጥፍ አየሁ።

«ቅዳሜ ቢነሣ ይደርስ ነበር» አለች።

«ይደርስ ነበር።»

«መጥቶ ቢሆን ዘመነን ይለቁልኝ ነበር?»

«አላውቅም እናቴ።»

«ምስጋናውንስ?»

«እሱን አይለቁትም ነበር።»

ያጠፈቻቸውን ጣቶች አንድ በአንድ መልሳ ዘረጋች። «እኔን ቢጠይቁኝ የቱን እንደምል አላውቅም። አንተ ግን አወቅክ» አለች። ስድብም ምርቃትም አልነበረም፣ እንዲሁ ነው ያለችው። «በል አሁን ሂድ» አለችኝ። ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። «ለፋሲካ ና። ብቻዬን ነው የምገድፈው» አለች።

ሄድኩ። ምስጋናው አልመጣም፤ ስትቀበርም አልመጣም። እኔ እስክታርፍ ድረስ ዘጠኝ ፋሲካ ከእጇ ገደፍኩ። አንድም ቀን ነገሩን አላነሣችብኝም። እኔ ግን በየዓመቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዛ እጇን ስትዘረጋ፣ ዛሬ ታነሣብኛለች እያልኩ በፍርሃት ነበር አፌን የምከፍተው።